የአሸዋ ባጊዬን ሰስፔንሽን ሁለት ጊዜ እንዴት ገዛሁት

የባጊዬ፣ ማለትም አሸዋ ላይ የምነዳት ቀላል ክፍት መኪና፣ የፊት ግራው ሾክ አብዞርበር (የጎማውን መንጠር የሚያበርደው ቱቦ) መያዣ የተሰነጠቀው አዲሱን ሾክ ከገጠምሁ ሳምንት ሳይሞላው ነበር። ቦታው ዱሞንት የሚባለው የካሊፎርኒያ የአሸዋ ክምር ነው፤ ከምኖርበት ከላስ ቬጋስ ተነሥተን፣ ቤከር ከተማ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ወደ ሰሜን ስንነዳ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባጊዋ ከአንዲት ትንሽ ጉብታ ዘልላ ስታርፍ፣ የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲላተም የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ በደረቴ ተኝቼ ስመለከት ሾኩ ምንም አልሆነም፤ ሾኩን ከላይ የሚይዘው ቀጥ ያለ የብረት ምሰሶ ግን ከግርጌው፣ ከብየዳው አጠገብ፣ ጥፍር በሚያስገባ ስፋት ተሰንጥቋል። ባጊዋ በተጎታች ተጭና ወደ ቤት ተመለሰች፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሰስፔንሽን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው ጋር አያይዞ ጉብታውን ስለሚቀበለው ክፍል፣ ሁሉንም ነገር እንደገና መማር ነበረብኝ።

የባጊዋ መሠረት እ.ኤ.አ. የ1967 ቮልስ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስን አላውቅም ቢል ማንም አያምነውም፤ እኔም የአጎቴን ቮልስ እያጠብሁ ስላደግሁ የምገዛውን ነገር በሚገባ የማውቀው መስሎኝ ነበር። አሜሪካዊው ብሩስ ሜየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 ሜየርስ ማንክስ የተባለችውን ባጊ ከሠራ በኋላ፣ የቮልስን ሻንሲ ከመሐሉ 36 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጦ መቀጠልና የፋይበርግላስ አካል ማልበስ በአሸዋ ወዳጆች ዘንድ የተለመደ አሠራር ሆነ። የእኔዋም በዚሁ መንገድ የተሠራች በመሆኗ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት ከ2.40 ሜትር ወደ 2.04 ሜትር ገደማ ወርዷል። አጭር መሆኗ በጠባብ ቦታ ለመታጠፍ ይረዳታል፤ ተከታታይ ጉብታ ላይ ግን እንደ ሕፃናት የእንጨት ፈረስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትናወጣለች። በዚህ ላይ የ1967ቱ ሥሪት ለዚህ ሥራ ከማይመቹት አንዱ ነው። ፊቱ ባለ ኳስ መጋጠሚያ በመሆኑ ጎማው ብዙ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሄድ ሲፈለግ መጋጠሚያው ቀድሞ ይጨርሳል፤ ኋላው ደግሞ ሴሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ከካምቢዮው በሚወጣበት ቦታ ብቻ የሚታጠፍ በመሆኑ፣ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አብሮ ያዘማል።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነበር ገንዘቤን ያወጣሁት። በመጀመሪያ የገዛሁት ሞላ የለበሰ ሾክ ነው፤ አራት እግር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀይ ሞላ ያለው። ሻጩ «ቮልስ ላይ ልክክ ይላል» አለኝ፤ ቃሉም እውነት ነበር፤ ልክክ አለ። ያልነገረኝና እኔም ያልጠየቅሁት ነገር፣ የቮልስ የፊት ሾክ መያዣ የተሠራው ሾኩ የሚያበርደውን እንቅስቃሴ ለመያዝ እንጂ የመኪናውን ክብደት ለመሸከም አለመሆኑን ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ከፊት ባሉት ሁለት አግድም ቱቦዎች ውስጥ ተደራርበው የሚጠማዘዙት የብረት ቅጠሎች ናቸው። እኔ ሞላ ያለው ሾክ ስጨምር፣ ከጉብታ ላይ የሚወርደውን ጭነት ሁሉ ለዚያ ቀጭን ምሰሶ አሸከምሁት። ሁለተኛው ስሕተቴ የኋላውን ከፍ ማድረጌ ነው። መልኳ አማረ፤ ነገር ግን በዚያ ዓይነት የኋላ አሠራር መኪናው ከፍ ሲል የጎማዎቹ እግር ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ በፍጥነት ሲታጠፉም የውጭው ጎማ ከሥር እየታጠፈ መኪናውን ሽቅብ ያነሣዋል። ሁለት ጊዜ ለመገልበጥ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱን ለአሸዋው ሰጠሁት።

የተሰነጠቀውን ብረት ለማስበየድ የወሰድሁት አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጋራዥ ውስጥ ሠርተው እዚህ ለመጡ አንድ ትልቅ ሰው ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ባጊዋን ዞረው ካዩ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ስንት ኪሎ ትመዝናለች?»

«ጋሼ፣ ቮልስ እኮ ስምንት መቶ ኪሎ ገደማ ነው» አልኋቸው።

«ስለ ቮልስ አልጠየቅሁህም። ስለዚህችኛዋ ነው የጠየቅሁህ።»

መልስ አልነበረኝም። ብየዳውን ሳይጀምሩ ሸኙኝ፤ ስትመዝናት ና አሉኝ።

አራት ጠፍጣፋ ሚዛኖች ከአንድ የእሽቅድድም ወዳጅ ተውሼ፣ ነዳጅ ሞልቼ፣ የራስ ቁሬን አጥልቄ መሪው ላይ ተቀመጥሁና ባለቤቴ ቁጥሮቹን ጻፈችልኝ። ድምሩ 640 ኪሎ ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ ፊት ለፊት ያረፈው 230 ሲሆን ኋላ ያረፈው 410 ነው። ወረቀቱን ይዤ እዚያው እንደተቀመጥሁ ብዙ ነገር ገባኝ። ሞተሩ ኋላ በመሆኑ ባጊዋ አሸዋ ላይ በደንብ ትገፋለች፤ የፊቷ ግን ከሁለት ሰው ተኩል ክብደት ብዙም አይበልጥም። እኔ በዚህ ላይ ከፋብሪካው ለሙሉ ቮልስ የተሰላው የብረት ቅጠል ሳይበቃኝ፣ ተጨማሪ ሞላ አክዬበታለሁ። ፊቷ ድንጋይ ሆና መሪው አሸዋ ላይ የማይታዘዘኝ ለምን እንደሆነ ወራት ሙሉ የጠየቅሁትን ያ ወረቀት መለሰልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ፊቷን ያሻሻልነው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። በመጀመሪያ የኳስ መጋጠሚያ ያለውን ሙሉውን የፊት አካል አውጥተን፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1965 ድረስ የተሠሩት ቮልሶች የነበራቸውን በኪንግ ፒን (በቋሚ የብረት ዘንግ) የሚዞር ዓይነት ተካንበት፤ ይህኛው ጎማው ብዙ ርቀት ሲሄድ መጋጠሚያው አይጨርስበትም። ከዚያም ከቱቦዎቹ ውስጥ ቅጠሎቹን ስበን አወጣን። በግራሶ የተለወሱ፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ስስ ብረቶች ናቸው፤ እንደ ባሌስትራ ይደራረባሉ፤ የሚሠሩት ግን በመጎበጥ ሳይሆን በመጠማዘዝ ነው። የተወሰኑትን ቀነስን። ነገር ግን ቅጠሎቹ የሚገቡበት ጉድጓድ አራት ማዕዘን በመሆኑ፣ የተቀነሱት ቦታቸው ባዶ ከቀረ የቀሩት ይንገዳገዳሉ፤ ስለዚህ የወጡትን ቅጠሎች በአጭር በአጭሩ ቆርጠን ጫፎቹና መሐሉ ላይ ብቻ መልሰን ሞላን። የቆረጥናቸው ብረቶች ቦታ ይይዛሉ እንጂ አይጠማዘዙም። ወጪው የመቁረጫ ዲስክ ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ በባጊዋ ላይ ካደረግሁት ሁሉ ልዩነቱ ወዲያው የተሰማኝ ይህ ነው።

የኋላው ረጅም ሥራ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች ሴሚያሳቸው በሁለቱም ጫፍ የሚታጠፍ ሲሆን፣ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ማዘንበሉ በጣም ይቀንሳል። ይህንን ወደ እኔዋ ለማዛወር የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ መያዣዎች ሻንሲው ላይ መበየድ ነበረባቸው፤ ካምቢዮውም ተለወጠ። የክንዱን ርዝመት ስንመርጥ 3 ኢንች የረዘመውን ወሰድን። እዚህ ላይ ጋሼ ያስተማሩኝን ነገር በዝርዝር ልናገር፤ ምክንያቱም ሾክ ከመግዛት በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ ይህ ነው።

ክንዱን ያለ ምንም ሞላና ያለ ሾክ ባዶውን ገጠምነው። ክሪክ ከሥሩ አስገብተን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው፤ ጎማው አካሉን ሊነካ ሲል አቆምንና ከሻንሲው ላይ ምልክት አደረግን። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እያወረድን፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጎማውን በእጄ አዞርሁት። መጀመሪያ ላይ እንደ ቅቤ ይዞራል። ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ ግን በአንድ ቦታ ላይ የሴሚያሱ መጋጠሚያ ውስጥ ያሉት ኳሶች ሲንተከተኩ በእጄ ላይ ተሰማኝ፤ ትንሽ ዝቅ ሲል ደግሞ ጭራሹን ያዘ። ጋሼ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ ምልክት ሁለት ጣት ከፍ ብለውም ሌላ መስመር ጨመሩ። «ከዚህ በታች የአንተ አይደለም» አሉኝ። በላይኛውና በታችኛው መስመር መካከል ያለው ርቀት ጎማዬ በእርግጥ የሚጓዘው ርቀት ሆነ፤ የሾኩ ርዝመትም ከዚህ ተለክቶ ተገኘ። ቀድሞ የገዛሁት ሾክ ከዚህ ልኬት በላይ የሚረዝም ነበር፤ በዚህኛው ክንድ ላይ ገጥሜው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዝላይ መጋጠሚያውን በሰበረው ነበር።

ስለ ቶርሽን ባሩ፣ ማለትም እየተጠማዘዘ የኋላውን ክብደት ስለሚሸከመው ዘንግ፣ ያለኝ ዕውቀት ከወዳጆቼ ወሬ አይዘልም ነበር፤ ሁሉም የሚመክሩኝ 28 ሚሊሜትሩን ነው። የዘንግ ጥንካሬ ግን ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ከፋብሪካው የመጣው 22 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ፣ 26ቱ በእጥፍ ያህል ይጠነክራል፤ 28ቱ ደግሞ ከሁለት ተኩል ጊዜ በላይ። ክንዱ ሲረዝም ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ጉልበት ስለሚጨምር ከጥንካሬው ከፊሉን ይበላዋል፤ ስለዚህ ለ410 ኪሎ የኋላ ክብደት 26ቱን መረጥሁ፤ አልተጸጸትሁበትም። ዘንጎቹ ጫፋቸው ላይ ግራና ቀኝ ተብለው ምልክት አለባቸው፤ በፋብሪካ አስቀድመው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚጠመዘዙ ቢለዋወጡ ይሰበራሉ። ቀለማቸውንም መጫር አያስፈልግም፤ ስብራት ከጭረት ይጀምራል።

የከፍታ ማስተካከያው አሠራር እስካሁን ይገርመኛል። ዘንጉ በውስጠኛው ጫፍ 40 ጥርስ፣ በውጭኛው ጫፍ 44 ጥርስ አለው። የውስጡን በአንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ሲሆን፣ የውጩን በአንድ ጥርስ ወደ ኋላ መመለስ 8.18 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። ግማሽ ሜትር በሚረዝም ክንድ ጫፍ ላይ ይህ ሰባት ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። አንድም ብሎን ሳይኖረው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ማስተካከያ የፈጠረ መሐንዲስ ይመስገን። ሥራው ግን አደገኛ ነው፤ ክንዱ ከማረፊያው ሲላቀቅ የተጠመዘዘው ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚፈታ፣ በክሪክ ሳይደገፍና በሰንሰለት ሳይታሰር ፊትን ወደዚያ ማስጠጋት አይገባም።

ሾክ የገዛሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን በግማሽ ዋጋ ሸጥኋቸው። ለፊት ቀለል ያለ ተራ የጋዝ ሾክ በቂ ሆነ። ለኋላ ግን ባለ 2 ኢንች፣ ለብቻው የዘይት ማጠራቀሚያ ያለውና ናይትሮጅን የተሞላ መረጥሁ፤ በተከታታይ ጉብታ ላይ ሾኩ የሚያበርደው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ተራው ሾክ ዘይቱ አረፋ እየሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባዶ ቱቦ ይሆናል። ከግልቢያ በኋላ የድሮውን ሾክ በእጄ ነክቼ ጣቴን አቃጥሎኝ ያውቃል።

የሾኩ የውስጥ አቀማመጥ ሁለት ጊዜ ተፈታ። መጀመሪያ ላይ ሲመለስ በጣም ይዘገይ ነበር፤ በመጀመሪያው ጉብታ የተጨመቀው እግር ሁለተኛው ጉብታ ሲደርስ ገና አልተዘረጋም፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ባጊዋ እያነሰች እያነሰች ሄዳ ሆዷን ትመታ ነበር። ከውስጡ ያሉትን ስስ ክብ ሳህኖች ቀንሰን ስናፈጥነው ደግሞ ከልክ አለፈና ኋላዋን ሽቅብ እየወረወረች አፍንጫዋን አሸዋ ውስጥ መትከል ጀመረች፤ በአጭር ሻንሲ ላይ ከዚህ የሚያስፈራ ነገር የለም። ከሁለቱ መካከል ያለውን አገኘነው። መለኪያዬ ተራ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበት። በሚያብረቀርቀው የሾክ ዘንግ ላይ ጠበቅ አድርጌ አስረዋለሁ፤ ሾኩ ሲጨመቅ ይገፋዋል፤ ከጉዞ በኋላ የቆመበትን ቦታ በማየት ምን ያህል እንደተጨመቀ አውቃለሁ።

በወጪ ዝርዝሬ መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ሰፋፊ የናይሎን ማሰሪያዎችና ወፍራም የጎማ መደገፊያዎች ናቸው። ማሰሪያው ክንዱ ከጋሼ ሁለተኛ መስመር በታች እንዳይወርድ ይይዘዋል፤ መደገፊያው ደግሞ ሾኩ ተጨምቆ ብረት ከብረት ከመጋጨቱ በፊት ይቀበለዋል። ናይሎኑ ሲጫንበት እንደሚሳብ ስላላሰብሁ መጀመሪያ የገጠምሁት ረዝሞ ተገኘ፤ አሳጥሬ መለስሁት። የማንም ባጊ ሲሸጥ ሳይ አሁን መጀመሪያ የምፈልገው እነዚህን ነው፤ ከሌሉ ሾኩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ዋጋውን እከራከራለሁ።

ባለፈው ወር ዱሞንት ነበርን። መጀመሪያ የወደቅሁባትን ጉብታ በተመሳሳይ ፍጥነት ሦስት ጊዜ ተሻገርኋት፤ ከዚያ አቁሜ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቀኙ ሾክ ላይ ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ ከመጨረሻው ሁለት ጣት ይቀረዋል፤ የግራው ግን አንድ ጣት ብቻ። እኔ የምቀመጠው በግራ በኩል ነው። ለጋሼ ደውዬ ነገርኋቸው፤ በግራ በኩል አንድ ጥርስ ከውስጥ፣ አንድ ጥርስ ከውጭ አዙርና መልሰህ መዝናት አሉኝ።