«ግሪኮች ጠየቁ፣ ሌሎቹ አመኑ»

የፍልስፍና መግቢያ ኮርስ ማጠቃለያ ፈተና እያረምኩ ነበር። አንድ ወረቀት ላይ ስደርስ ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ ቀረ። «ግሪኮች ጠየቁ። ህንዶችና ቻይናዎች ግን አመኑ» ይላል።

የጻፈችው ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ከፊት የምትቀመጥ፣ የምናገረውን ሁሉ የምትይዝ ጎበዝ ተማሪ ናት። ላሰምርበት እጄን ከሰነዘርኩ በኋላ የኮርሱን ዕቅድ አውጥቼ አየሁት። 16 ሳምንት ነው። 14ቱ ከሶቅራጥስ እስከ ካንት። 15ኛው «የምሥራቅ አስተሳሰብ»፣ 16ኛው ክለሳ። የአንዱ «ፍልስፍና»፣ የሌላው «አስተሳሰብ»። ርዕሱን ያወጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

የባሰው ግን አቀራረቤ ነበር። ሶቅራጥስን ሳስተምር ክርክሩን ነው የማሳየው፤ ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት፣ የቱ ጋ ያዘው። ቡድሃ ላይ ስደርስ የት ተወለደ፣ ምን አስተማረ፣ ተከታዮቹ ምን ያምናሉ ብዬ አልፋለሁ። ይህን የሰማ ተማሪ ሌላ ምን ይጻፍ?

በማግስቱ ጠራኋት።

«መምህር፣ ተሳስቻለሁ እንዴ?» አለች ገና ከበሩ ሳትገባ።

«ያስተማርኩሽን ነው የጻፍሽው። ስህተቱ የኔ ነው» አልኳት። ማርኳን ሰጠኋት። ደስ ብሏት የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ «ታዲያ እነሱም ጠይቀዋል ማለት ነው?» አለችኝ። በር ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም።

የእረፍቱን ጊዜ በሙሉ ኮርሱን እንደ አዲስ ስሠራ ከረምኩ። በአገርና በዘመን መደርደሩን ተውኩት። ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ጥያቄ ሰጠሁና ከተለያየ ቦታ የመጡ ተከራካሪዎችን አስገባሁ። የሰው ተፈጥሮ ደግ ነው ወይስ ክፉ? ሜንሲየስ ጉድጓድ ውስጥ ሊወድቅ ያለ ሕፃን ያየ ማንም ሰው ልቡ ይደነግጣል፣ ስለዚህ የደግነት ዘር ከውስጣችን ነው ይላል። ሹንዚ ደግሞ የለም፣ ሰው እንደ ጠማማ እንጨት ነው፣ በእንፋሎት ለዝቦ ካልታረቀ አይቀናም ይላል። ሁለቱም ቻይናዊ፣ ሁለቱም የኮንፊሽየስን መንገድ የተከተሉ ናቸው። ህንድ ውስጥም ኒያያ የሚባለው የሎጂክ ትምህርት ቤት ሊቃውንት እውቀት በአራት መንገድ ይገኛል ይላሉ፤ በስሜት ሕዋስ፣ ከታየው ተነስቶ ያልታየውን በመገመት፣ በማነጻጸርና በታማኝ ሰው ቃል። ቻርቫካ የሚባሉት ሌሎቹ የህንድ ፈላስፎች ከነዚህ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ጭስ አይተህ እሳት አለ ብትል እንኳ ማረጋገጫህ የታል ብለው ይይዙሃል። እኔ «አመኑ» እያልኩ ያለፍኳቸው እንግዲህ እነዚህን ነው!

በአዲሱ ሴሚስተር «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ሳምንት ደረሰ። አንዱን ልጅ እስክሪብቶውን እንዲፈታው ጠየቅኩት። ቀፎውን፣ ቀጭኑን የቀለም ቱቦ፣ መጫኛውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሞላው ተስፈንጥሮ ከወንበሮቹ ሥር ገባ። «እስክሪብቶው የቱ ነው?» አልኩ። ቀፎው? አይደለም። ቱቦው? አይደለም። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

ከዚያ የንጉሥ ሜናንደርን ታሪክ ነገርኳቸው። ሰሜን ምዕራብ ህንድን ይገዛ የነበረ ግሪካዊ ንጉሥ ነው። ናጋሴና የሚባል የቡድሃ መነኩሴ «በምን መጣህ?» ይለዋል። «በሰረገላ»። «መንኮራኩሩ ነው ሰረገላው? ዘንጉ? ቀንበሩ?» ንጉሡ ሁሉንም አይደለም እያለ ሄዶ ሄዶ «ሰረገላ» እነዚህ ሲገጣጠሙ የምንሰጠው ስም ነው ይላል። መነኩሴውም «ናጋሴና የሚለው ስምም እንደዚያው ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ቀጥዬ ኢብን ሲናን አመጣሁ። በ1037 እ.ኤ.አ. ያረፈ ሐኪምና ፈላስፋ ነው። በአንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ የተፈጠረ፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ ሰው አስቡ ይላል። አያይም፣ የሚነካው ነገር የለም፣ እጅና እግሩ እንኳ እርስ በርስ አይነካኩም። ይህ ሰው ሰውነት እንዳለው ባያውቅም መኖሩን ያውቃል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት «አለሁ» የሚለውን መሠረቱ ያደረገበትን ጽሑፉን ያወጣው ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1641 ነው።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እንግዲህ ሁሉም ያሉት አንድ ነው ማለት ነው።»

በቅን ልቦና ነው ያለው። ራሴን ልነቀንቅ ምንም አልቀረኝም። ግን ይሄም ያው የድሮው ጥፋቴ ነው። «እነሱ አመኑ» ያለ ሰው አላዳመጣቸውም፤ «ሁሉም አንድ ነው» ያለም አላዳመጣቸውም። ዴካርት ከጥርጣሬ ነው የሚነሳው፤ ኢብን ሲና ግን ማንንም «ተጠራጠር» አይልም፣ ሰውየው የሚያውቀውን ነገር ልብ እንዲል ነው የሚያነቃው። ናጋሴና ጭራሽ በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ከስሙ በስተጀርባ «እኔ» የሚባል አንድ ነገር የለም ባይ ነው።

ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹ የመነኩሴው፣ ግማሹ የኢብን ሲና ጠበቃ ሆነ።

ከመነኩሴው ወገን አንዷ «ያ አየር ላይ ያለው ሰው አንድ ነገር ነው ወይስ ተከታትለው የሚመጡ ሐሳቦች?» አለች። ከወዲያ በኩል ወዲያው መጣላት። «ተከታትለው መምጣታቸውን የሚያውቀው ማነው ታዲያ?» ለጥቂት ሰከንድ ማንም አልተናገረም። እኔም መልስ አልነበረኝም፣ ልሰጥም አልፈለግኩም።

ያቺ ያለፈው ሴሚስተር ተማሪዬ ማርክ ባይኖረውም ላዳምጥ ብላ አስፈቅዳኝ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነስታ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ሞላው ገና አልተገኘም። ያለሱ ገጣጠመችው። መጫኛውን ለቀቅ ስታደርገው ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል። አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ ወረቀት ላይ ሞከረችው። ጻፈ።

«መምህር፣ አሁን ጣቴም የእስክሪብቶው ክፍል ሆነ ማለት ነው?»