ጻድቃኔ ማርያም እቴቴን ተወችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ልመሰክር ተስዬ ነበርና ይኸው።

ተወልጄ ያደኩት መንዝ ነው፣ ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ እቴቴ ነው የምላት። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ ደግሞ ጡት እንደጣልኩ ለእቴቴ ትታኝ አረብ ሀገር ሄደች፣ መጀመሪያ አካባቢ ትደውል ነበር አሉ ከዛ ድምጿ ጠፋ። እቴቴ ግን አንድም ቀን ስሟን በክፉ አንስታ አታውቅም። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ማታ ማታ ኩበት አንድዳ እኔን በባና ጠቅልላ እሷ በኩራዝ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛልኝ በሱ ነው። እንዝርቱን እያሾረች የምትለው ነገር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ "እመቤቴ ይቺን ልጅ ለወግ ለማዕረግ ሳላበቃት እንዳትወስጂኝ፣ ሌላ ሰው የላትም"።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ የመጨረሻ ዓመት እያለሁ እቴቴ ወድቃለች ቶሎ ነይ ተባልኩ። ስደርስ እግሯ አብጧል፣ እህል አልቀምስ ብላለች፣ እኔንም አልለየችኝ። ሆስፒታል ተኛች፣ አንዱ ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ እድሜዋም ገፍቷል ብዙ ተስፋ አታድርጊ ሲለኝ የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እመብርሃን የለመነችሽን አንቺ ታውቂያለሽ ገና ምኑንም አላየችም እኮ እያልኩ አለቀስኩ፣ ካዳንሽልኝ ጥላ ይዤ እመጣለሁ በሰው ፊትም እመሰክራለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ከሆስፒታል እንደወጣች ሰላ ድንጋይ አጠገብ ጻድቃኔ ማርያም ወሰድኳት። ጠዋት በባዶ ሆዷ ጸበሉን ትጠጣለች፣ እግሯን እምነት እቀባታለሁ፣ የሐኪሙንም መድኃኒት አላስቋረጥኳትም። አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ "የገብስ ቂጣ የለም እንዴ?" አለችኝ! ከስንት ጊዜ በኋላ አፏን ከፍታ እህል ስትጠይቅ እልል አልኩ፣ አጠገባችን ያሉት ጸበልተኞችም ነገሩን ሳያውቁት አብረውኝ እልል አሉ። እብጠቱም እያደር ጎደለ።

ስመረቅ ጋውኔን ለብሼ ከአዳራሽ ስወጣ በእግሯ ቆማ ነው የጠበቀችኝ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አየሁ፣ እመቤቴ አየሁ" ትላለች። ህዳር 21 ለጽዮን ማርያም ስለቴን አስገባሁ፣ ጥላውን ይዛ የገባችውም እሷው ናት፣ ክብሩ ይስፋ!

አሁን ስራ ይዤ እቴቴ ከኔው ጋር ናት። የቀራት ልመና የእናቴ ነገር ነው፣ ልጇን በዓይኗ ሳታይ እንዳትሄድ፣ እኔም አብሬያት እየለመንኩ ነውና እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቡን።