«ቶሎ ይውጣላት» ከማለታችን በፊት፦ አክስቴን ሳስታምም የተማርኩት

አክስቴ የማህፀን በር ካንሰር እንዳለባት በባዮፕሲ፣ ማለትም ከዕጢው ትንሽ ተቆርሶ በሚደረግ ምርመራ፣ ሲረጋገጥ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ቶሎ ይውጣላት!» አለ። ዶክተሯ ግን መጀመሪያ ደረጃው ይታወቅ አለች። ዕጢው ትንሽ ከሆነና ከማህፀን በር ካልወጣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። 4 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ወይም ወደ ጎን ከተስፋፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ጨረርና ኬሞ ነው። ሳይታይ ተቀዶ ካንሰሩ ከቀረ ጨረሩ አይቀርላትም። የሁለቱንም ጣጣ ትሸከማለች።

ድሮ ደረጃ የሚሰጠው በዋናነት ሐኪም በእጁ መርምሮ ነበር። በፈረንጆቹ 2018 ግን ፊጎ የሚባለው የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳዩት የኤምአርአይና የሲቲ ስካን ውጤትም እንዲቆጠር አደረገ።

ኤምአርአይ ክፍሉ በር ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። ብረት ይዞ መግባት አይቻልም፤ አክስቴ ደግሞ ማተቧን አትነካም። ባለሙያው «ማዘር፣ ክሩ ይቆይ፤ መስቀሏን ብቻ ለልጅዎ ይስጡልኝ» ብሎ ገላገለን። ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው፤ የጆሮ መድፈኛ ጠይቁ። ለሲቲው ምስሉን የሚያጎላ፣ ኮንትራስት የሚባል የሚወጋ ፈሳሽ ስላለ የኩላሊት ምርመራ፣ ክሬቲኒን የሚሉት፣ ይፈለጋል። ቀድማችሁ አሠሩት፤ አለዚያ ከበር ልትመለሱ ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው ሪፖርት «ማህፀን በር ላይ ዕጢ አለ» ከማለት ብዙም አላለፈም። ያንንማ ባዮፕሲው ነግሮናል! ደግነቱ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ተቀብለን ነበር። ሌላ ራዲዮሎጂስት፣ ምስል የሚያነብ ሐኪም፣ እንደገና አነበበው፤ ለሁለተኛ ኤምአርአይ ከመክፈል ዳንን።

ዶክተሯ ምስሉን ከፍታ አሳየችኝ። በማህፀን በር ዙሪያ ጠቆር ያለ ቀለበት አለ። እሱ ሙሉ ከሆነ ካንሰሩ ወደ ጎን አልወጣም ማለት ነው። የአክስቴ በቀኝ በኩል ተበጥሷል፤ ነጣ ያለው ዕጢ በዚያ አልፎ ወጥቷል። ኩላሊቶቿ ደህና ናቸው። ዕጢው የሽንት ቱቦዋን ዘግቶ ኩላሊቷ ቢያብጥ ኖሮ በዚያ ብቻ ደረጃ 3 ትባል ነበር። ዳሌዋ ውስጥ ግን አንድ ያበጠ ንፍፊት ታየ። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቲቢ አጥብቃ የጠየቀችን ለዚህ ነው፤ እነሱም ንፍፊት ያሳብጣሉ። ሁለቱም የሉባትም። ደረጃው 3ሲ1 ተባለ፤ ካንሰሩ ዳሌ ውስጥ ወዳለ ንፍፊት ደርሷል ማለት ነው፤ ከጎኑ በምስል ታይቶ የተሰጠ መሆኑን የሚናገር «አር» የሚል ፊደል አለ። ቀዶ ሕክምናው ቀረ፤ ወደ ጨረርና ኬሞ ተላክን።

ሪፖርታችሁ ስለ ዕጢው መጠን፣ ወደ ጎን ስለ መውጣቱ፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ንፍፊት ዝም ካለ መልሳችሁ ጠይቁ። ገንዘብ ካጠረም «የትኛው ይቅደም?» በሉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። አልትራሳውንድ እንኳ የኩላሊቱን እብጠት ያሳያል።

ጨረሩ ካለቀ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ እንደገና ምስል ትነሳለች። የመጀመሪያውን ሲዲ ይዛችሁ ኑ ተብለናል፤ ዶክተሯ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ነው የምታየው።