ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ጣርማ በርን እስክናልፍ ድረስ የሎጂክ ሞጁሏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዐይኗን ጨፍና ትርጉም ታነበንብ ነበር። «በራስሽ ምሳሌ ሞክሪው» ብላት፣ «ጋሼ፣ ፈተና ላይ የሚጠየቀው እንዳለ ነው» አለችኝ። እኔም ይህንኑ ኮርስ የማስተምር ነኝና መልስ አጣሁ።

በማግሥቱ ጉዳዬን ጨርሼ ወደ አራት ኪሎ ግቢ ገባሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው እዚህ ነው። ካናዳዊው የካቶሊክ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን ሉሲየን ማትና ባልደረቦቻቸው ሃይማኖት ላይሰብኩ ተስማምተው፣ የካህን ልብሳቸውን ትተው በሱፍ ያስተምሩ ነበር። ትንሽ ቆይተው የመጡት ክሎድ ሰምነርም ፍልስፍና እያስተማሩ የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፎችን በማጥናት ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ ትምህርቱ ከባሕር ማዶ ቢመጣም አገር በቀሉን ዕውቀት መፈለጉ የጀመረው ገና በማለዳው ነው።

በአምስት ኪሎ በኩል በእግሬ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣሁ። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ፣ የንጉሡ መኖሪያ የነበረው ሕንፃ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምንና ሙዚየሙን አስጠለለ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ፋሺስት ጣሊያን የሙሶሎኒን የሥልጣን ዓመታት ሊቆጥርበት ያቆመው ነው፤ እርከኖቹን አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው። ጫፉ ላይ በኋላ የተቀመጠ የይሁዳ አንበሳ አለ።

ከዚህ ግቢ የወጡ ተማሪዎች ከምረቃ በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርደው ያገለግሉ ነበር፤ ለእኔ ከማናቸውም ኮርስ ይልቅ ትልቁ የጠቅላላ ዕውቀት ትምህርት ያ ነበር። ኋላ ዲግሪው ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ሲያጥር የፍሬሽማን ዓመት፣ ማለትም ሁሉም የጠቅላላ ዕውቀት ኮርሶች የሚወስድበት የመጀመሪያው ዓመት፣ ተሠረዘ፤ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተወሰነ። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ፤ ሎጂክ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂና ሳይኮሎጂ አብረውት መጡ። በኮርሶቹ ዝርዝር ቅሬታ የለኝም። ችግሩ አንድ ክፍል ውስጥ የታጨቀ ተማሪ ክርክር የሚገጥምበት ጊዜ ማጣቱ ነው። የቅኔ ተማሪ እንኳ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግመው መምህሩ አይቀበሉትም፤ እኛ ግን የማሰብን ትምህርት በቃል አስጠንተን በቃል እንቀበላለን።

ከኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥሁና ከቦርሳዬ የፋይናል ፈተናውን ረቂቅ አወጣሁ። «ተርጉም» የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ሰርዤ በቦታቸው አንድ ጻፍሁ፦ «ጠላት ለራሱ መታሰቢያ ያቆመውን ደረጃ አንበሳ አስቀምጦበት ማቆየት ይሻላል ወይስ ማፍረስ? በመጀመሪያ አንተ ለማትስማማበት ወገን ተሟገት።»