የሞንታርቦ ገመድ ጫፍ ላይ ሶልደር አታስነኩ

ስፒኮን ማሰር የሚከብድ ሥራ አይደለም። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር በሚሄደው ገመድ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ ስታዞሯት ቀጭ የምትለዋን መሰኪያ ማለቴ ነው። የሊክተንስታይኑ ኒውትሪክ ያወጣት ናት፤ ገበያው ላይ ግን አስመሳዩ ይበዛል። ባሕር ዳር ውስጥ በየሠርጉ እየተቋረጠ «መብራቱ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ድምፅ፣ አብዛኛው ጥፋቱ ከዚችው መሰኪያ ነው ባይ ነኝ።

አሠራሩን ቶሎ ልበለው። መጀመሪያ የኋላውን ክዳንና ገመዱን ነክሶ የሚይዘውን መያዣ ገመዱ ላይ አስገቡ። ይሄን ረስቶ ሁሉን ከጨረሰ በኋላ እንደገና የሚፈታ ስንቱን አይቻለሁ። የውጪውን ልባስ ወደ 20 ሚሊሜትር፣ የውስጦቹን ሽቦዎች 8 ሚሊሜትር ያህል ግፈፉ። ፕላሱን መሰኪያው ላይ 1+ የተባለው ቀዳዳ፣ ማይነሱን 1- የተባለው ላይ አድርጉ። ብሎኑን አጥብቁ፣ ጎተት አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ዝጉ። አለቀ።

እኔን ያቃጠለኝ የሽቦው ጫፍ ነው። ሥራውን ስንጀምር የተሰጠን የስልጠና ወረቀት «ሽቦው እንዳይበተን ጫፉን ሶልደር አጠጡት» ይላል፤ ሶልደር ቀልጦ ሽቦ የሚያጣብቀው ለስላሳ ብረት ነው። ገመዶቹን አስሮ የሸጠልን ሱቅም እንዲሁ አድርጎ ነው ያስረከበን። ሲያዩት ያምራል፤ ያብረቀርቃል።

ጥር ላይ፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሠርግ ይዘን ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው እስክስታው ሞቅ ሲል የግራው ቤዝ ጠፋ። ተመለሰ። ደግሞ ጠፋ። የሆቴሉ የጥገና ኃላፊ መጡና «መብራቱ ነው» ብለው ጄኔሬተር አስነሱ። ያው ሆነ። ቀጥለው «አምፕሊፋየርህ አርጅቷል» አሉኝ። አምፑ እኮ አዲስ ነው! «ጋሼ፣ ገመዱን ልፈትሸው» ብላቸው «ገመድ ደግሞ ምን ይሆናል?» ብለው አላስጠጋ አሉኝ። በዚህ መሀል ሚዜው መጥቶ «ብር ተከፍሎሃል አይደል?» ይለኛል። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ አምፑን አጥፍቼ መሰኪያውን ፈታሁት። ብሎኑ ካቻቢቴ እንኳን ሳይፈልግ በጥፍሬ ዞረ። ከሥሩ ያለው ሶልደር እንደተኘከ ማስቲካ ተጨፍልቋል፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ሶልደር ለስላሳ ነው። ብሎን ሲጫነው በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብስበታል። ማንም ሳይነካው ብሎኑ ይላላል። የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል። አንደኛው ሽቦ ደግሞ ልክ ሶልደሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ግማሹ ተበጥሷል። ግትሩና ተጣጣፊው የሚገናኙት እዚያ ነዋ። በዚያ ላይ ልባሱ ከልክ በላይ ተገፎ፣ መያዣው የነከሰው ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ነው። ሰው ገመዱን በረገጠ ቁጥር የሚጎተተው ብሎኑ ነበር ማለት ነው።

ጫፎቹን ቆርጬ፣ ባዶውን መዳብ ጠምዝዤ አሰርኩት። ሠርጉ እስኪያልቅ ቤዙ ንቅንቅ አላለም። ኃላፊው «አየህ፣ ጄኔሬተሩ አስተካከለው» ብለው ሄዱ።

ስለዚህ ወረቀቱን ተዉት። መዳቡን በባዶው አስገቡ። እየተበተነ ካስቸገራችሁ በፒንሳ የሚጨመቀውን ትንሽ የብረት ቆብ አልብሱት። መያዣው የውጪውን ልባስ መንከሱን በዓይናችሁ እዩ። ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ብሎኖቹን አንዴ ደግማችሁ አጥብቁ፤ መዳቡ ሲረጋ ትንሽ ይለቃል። የጠቆረ ጫፍ ካገኛችሁ አትፋቁት፣ ቆርጣችሁ ጣሉት። ናስትሮ ጠቅልሎ «ይሠራል» የሚላችሁን ደግሞ አትስሙት።

ለረጅም ርቀት የሽቦው ውፍረት ከ2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር በታች የሆነ ገመድ አልገዛም። 30 ሜትር ሲዘረጋ ደርሶ መልስ 0.4 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚያግድ ጫና) ይይዛል፤ የ4 ኦም ስፒከር አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። በ1.5 ከሆነ ወደ 0.7 ይጠጋል። ሻጩ «ያው ገመድ ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ገመዱ ስፒከሩ ላይ እንደተሰካ፣ በአምፑ በኩል ባለው ጫፍ 1.5 ቮልት ባትሪ ነካ አድርጉበት፤ የባትሪው ፕላስ 1+ ላይ፣ ማይነሱ 1- ላይ። የቤዙ ኮን (ፊት ለፊት የሚርገበገበው ክፍል) ወደ ውጪ መውጣት አለበት። አንደኛው ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጦ ታስሯል፤ ሁለቱ ቤዞች ይጠፋፋሉ፣ የቱንም ያህል ብትከፍቱት ቤዙ ቀጭን ይሆናል። የተገለበጠውን አንዱን ጫፍ ብቻ ፈታችሁ አስተካክሉ። ሁለቱንም ጫፍ ከገለበጣችሁ ዞሮ ዞሮ ያው ነው።