ቫት ከተካተተበት ዋጋ ላይ ቫቱን በአልጀብራ ለይቼ እንዳወጣሁ

ለአንድ መሥሪያ ቤት የቢሮ ወንበሮች ለማቅረብ ያስገባሁት ዋጋ ቫትን ጨምሮ 46,000 ብር ነበር። ፕሮፎርማው፣ ውሉም ሆነ ርክክቡ ያለ ችግር አለቀ። ነገር የተበላሸው ክፍያ ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው የ46,000 ብሩን 15 በመቶ አስልተው፣ ቫቱ 6,900 ብር፣ የዕቃው ዋጋ ደግሞ 39,100 ብር ስለሆነ ደረሰኝ በ39,100 ብር ቆርጠህ አምጣ አሉኝ።

እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ በወረቀት ሠርቼ አሳየኋቸው። የዕቃውን ዋጋ «ሀ» ብንለው፣ ቫት የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ እንጂ በድምሩ ላይ ስላልሆነ ቫቱ 0.15ሀ ይሆናል። ሀ + 0.15ሀ = 46,000፤ ስለዚህ 1.15ሀ = 46,000። ለ1.15 ሲካፈል ሀ 40,000 ብር፣ ቫቱም 6,000 ብር ነው። ሰውዬው ወረቀቱን እንኳ በቅጡ ሳያዩ «አሠራራችን እንዲህ ነው» አሉኝ። ቫት በ15 በመቶ መከፈል የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ የሚሠራበትን ስሌት የሕዝብ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አልሰማም ማለቱ ዛሬም ያናድደኛል።

በመጨረሻ የረታሁት በማመሳከር ነው። በ39,100 ብር ላይ 15 በመቶ 5,865 ብር ነው፤ ድምሩ 44,965 ብር እንጂ 46,000 አይሆንም። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም የሚያትመው ይህንኑ ስለሆነ፣ እሺ ብዬ ብቆርጥ ኖሮ ከዕቃዬ ዋጋ 900 ብር ይጎድልብኝ ነበር። ይህን ለቅርብ ኃላፊያቸው ሳሳይ ክፍያው ተስተካከለ።

ብዙ ሰው ቫቱን ለማግኘት «ድምሩን በ15 አባዝተህ ለ115 አካፍል» ብሎ ይመክራል። መልሱ ትክክል ቢሆንም እኔ ይህን ቀመር በቃል መያዝን አልደግፍም፤ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ አይረዳምና። 20 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት 4,800 ብር የተሸጠ ዕቃ የቀድሞ ዋጋው ስንት ነበር ቢባል፣ 0.8ሀ = 4,800 ብሎ የጻፈ 6,000 ብር ያገኛል፤ በ4,800 ላይ 20 በመቶ የጨመረ ግን 5,760 ላይ ይቀራል። ተማሪም ነጋዴም ከስሌቱ በፊት መቶ በመቶ የሚባለው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ለይቶ «ሀ» ይበለው።

አሁን ፕሮፎርማ ስሞላ ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ፣ ቫቱንና ድምሩን ለየብቻ እጽፋለሁ፤ ቅጹ ድምሩን ብቻ ቢጠይቅም።