ሦስት ጊዜ የጠጣው ሣር

አንድ ቀን መንገድ ስለነበረብኝ ማልጄ ተነሣሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ሻንጣዬን ይዤ በሩን ስከፍት፣ ከደጃፉ ፊት ለፊት ያሉት ውሃ መርጫዎች ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ይህ የሣሩ ክፍል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለ15 ደቂቃ ጠጥቶ፣ ተራውን ለሚቀጥለው ከለቀቀ ቆይቷል ብዬ ነበር የማምነው። በሚቀጥለው የማጠጫ ሌሊት መስኮቱ ሥር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። 10 ሰዓት ላይ ሦስቱም ክፍሎች በየተራ ተረጩ። 11 ሰዓት ላይ ሦስቱም እንደገና። 12 ሰዓት ላይ አሁንም ሦስቱም።

መርጫዎቹን በሰዓታቸው የሚከፍትና የሚዘጋው መቆጣጠሪያ ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። ሣሩ በሦስት ክፍል ስለሚጠጣ፣ «መነሻ ሰዓት» የሚሉትን ሦስት ቦታዎች ሳይ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ የተዘጋጀ መሰለኝና ሞላኋቸው። ለካስ አንድ መነሻ ሰዓት መላውን ፕሮግራም ነው የሚያስነሣው፤ አንዱ ክፍል ሲያበቃ ሌላው ራሱ ይከተላል። አብዛኞቹ የቤት መቆጣጠሪያዎች እንዲህ ናቸው። መመሪያው ላይም ተጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ሁለት በጋ ሙሉ ሣሬን ሦስት ሦስት ጊዜ ሳጠጣ ከርሜያለሁ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። ስንት እንደፈሰሰ ማስላት ግን ይቻላል፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ሳላሰላው እንቅልፍ አይወስደኝም። 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ ልክ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ መርጫዎቼ በ15 ደቂቃ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጥሉ ማወቅ በቂ ነበር። ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ 12 ባዶ ጣሳዎች ሰብስቤ ሣሩ ላይ በየቦታው ደረደርኩ። ባለቤቴ ከበረንዳው ሆና «ደግሞ ጣሳ ልትዘራ ነው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ሦስቱንም ክፍሎች ለ15 ለ15 ደቂቃ ከፍቼ ዘጋሁና በማስመሪያ አንድ በአንድ ለካሁ።

አማካዩ 10 ሚሊ ሜትር ሆነ። 120 ካሬ ሜትር ሣር፣ በሌሊት ሦስት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት፦ 90 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በየሳምንቱ 10,800 ሊትር። በሞቃት ወራት ለሣር መነሻ ተደርጎ የሚነገረው መጠን ዝናቡን ጨምሮ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለእኔ ግቢ 3,000 ሊትር። ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። አልተለወጠም።

እግረ መንገዴን ያነበብኩት አንድ ነገር አስደስቶኛል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሃዋርድ ፔንማን እ.ኤ.አ. በ1948 ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከሙቀትና ከአየር እርጥበት ተነሥቶ የሚተነውን ውሃ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መመሪያ ደግሞ የሰብሎች የውሃ ፍላጎት የሚነጻጸርበት መለኪያ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በሚገባ የጠጣ ሣር ነው። የአየር ሁኔታን እየተከታተሉ ራሳቸውን የሚያስተካክሉት ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎችም የሚያሰሉት በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ግን አልገዛሁም። መርጫው የተጣመመበት ሰው የቱንም ያህል ብልህ ኮምፒውተር ቢገዛ ጥመቱን አያቃናለትም።

ይህን የምለው የጣሳዎቹ አለመመሳሰል ከአማካዩ ይበልጥ ስላስደነገጠኝ ነው። ደጃፉ አጠገብ ያለው 14 ሚሊ ሜትር ይዟል፤ አጥሩ ጥግ ያለው 4። ያ ጥግ ሁልጊዜ ቢጫ ስለሚሆን ባየሁት ቁጥር ደቂቃ እጨምር ነበር፤ አንድ ጥግ ስለጠማው መላው ግቢ ይሰጥማል። ተንበርክኬ መርጫውን ሳየው የሣር ማጨጃው ገፍቶት ወደ ጎን አዘንብሏል፤ ዙሪያውን የበቀለው ሣርም አንገቱን አንቆታል። ጫፉን በጣቴ አዙሬ ፈታሁት። ከሥሩ ያለችው፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ወንፊት በአሸዋ ተደፍናለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቤ መለስኳት፤ መርጫውን አቃንቼ ዙሪያውን አፈር ጠቀጠቅሁ።

ሌላው ሌባ የውሃው ግፊት ነው። ውሃው ተከፍቶ በፀሐይ ትይዩ ሲታይ ጉም ይመስል ነበር፤ ነፋሱ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። እንደ እኔ ያሉት የማይሽከረከሩ መርጫዎች በደንብ የሚሠሩት በ2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን፣ የእኔ መስመር ሲለካ ከ4 በላይ ሆነ። የግፊት መቀነሻ አስገጠምኩ፤ ጠብታው ወፈረ፣ ጉሙ ቀረ። ጣሳዎቹን እንደገና ስደረድር አማካዩ ከ10 ብዙም አልራቀም፤ የአጥሩ ጥግ ግን ወደ 9 ወጣ።

አፈሬ ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይውጥም። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ውሃው በድንጋዩ ንጣፍ ላይ መውረድ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የማጠጣው ባብዛኛው ድንጋዩን ነበር። መድኃኒቱ ጥቂት አጠጥቶ፣ እስኪሰርግ ጠብቆ፣ እንደገና ማጠጣት ነው። ያ የረገምኩት ሦስት መነሻ ሰዓት የተሠራው ለዚህ ኖሯል! ስለዚህ 10፣ 11 እና 12 ሰዓት እንዳሉ ቀሩ። ደቂቃው ከ15 ወደ 6፣ ሌሊቱ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ፦ በሳምንት 24 ሚሊ ሜትር፣ 2,880 ሊትር። ሰዓቱም ጥሩ ነው፤ ንጋት ላይ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ ቅጠሉም ፀሐይ እንደወጣች ይደርቃል። አመሻሽ ላይ አጠጥቶ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ማሳደር የሣር በሽታ መጋበዝ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሣሩ አኮረፈ። ውሃ ላይ ላዩን ሲያገኝ ስለኖረ ሥሩ ወደ ታች መውረድን አያውቅም። ማጨጃውን ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ታገሥኩት። አሁን ባጠጣሁ ማግስት ረጅም ካቻቢቴ አፈሩ ውስጥ እሰካለሁ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ያለ ትግል ከገባ ውሃው ደርሷል ማለት ነው። ረግጬው ሳልፍ ዱካዬ ተኝቶ ከቀረ ደግሞ ጠምቶታል። ቀና ካለ፣ የማጠጫው ሌሊት ቢደርስም አልፈዋለሁ።

የቀረኝ ተዳፋቱ ግርጌ ያለው መርጫ ነው። ሁሉ ነገር ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ውሃ ያንጠባጥባል። ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ ያፈሰሰ መስሎኝ የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግቼ ቆጣሪውን አፈጠጥኩበት፤ ትንሿ ቀይ መዘውር አልነቃነቅም አለች። የሚወርደው ከላይ ባለው ቱቦ ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። ይህን የሚያግድ መክደኛ ያለው መርጫ ገዝቻለሁ፤ ቅዳሜ እቀይረዋለሁ። ባለቤቴ ጣሳዎቹን አሁን መጣል ትችል እንደሆነ ጠይቃኛለች። አሁንም መልስ አልሰጠኋትም።